ከካፌ ሬሰር እስከ ካፋ መንገድ፤ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት እድሳት ላይ የቀረበ ሂስ

የኪነ ጥበብ ሂስ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በመጻሕፍት፣ በተውኔት፣ በሥዕልና በዜማ ላይ ነው። ማተኮሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሰው እጅ ከብረት፣ ከእንጨትና ከቆዳ ጋር እየታገለ የሚሠራቸው የዕለት መገልገያዎች ከሂስ ዓይን ርቀው መቅረታቸው ተገቢ ነው ሊባል አይችልም። ሰው መጀመሪያ የሚጠቅመውን ሠራ፤ እየሠራ ሲሄድ እጁ ሠለጠነ፤ እጁ ሲሠለጥን ዓይኑ መምረጥ ጀመረ። ውበት የምንለው ነገር የተወለደው ከዚህ ሂደት ነው። እንግዲህ የጋራዥ ሠራተኛ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፈትቶ፣ ጠግኖና በአዲስ መልክ ቀርጾ ሲያወጣ የሚፈጽመው ተግባር ጥገና ብቻ ነው ወይስ ፈጠራም ጭምር? ፈጠራ ከሆነስ በምን ሚዛን ይመዘናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ካፌ ሬሰር» በመባል የሚታወቀውን የሞተር ብስክሌት አሠራር ከነታሪኩ መርምሮ፣ ለቦንጋና በጠቅላላው ለካፋ ምን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ምንስ ሊሰጥ እንደማይችል ማመልከት ነው።

ቅርጹና የተወለደበት ኑሮ

ካፌ ሬሰር በመልኩ በቀላሉ ይለያል። መሪው ዝቅ ብሎ በፊተኛው ሹካ ላይ ታስሯል፤ የእግር ማሳረፊያው ወደ ኋላና ወደ ላይ ተስቧል፤ ሰልባትዮው ረዘም ብሎ ጠበብ ያለ ነው፤ መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ የተበጀ ሆኖ ከኋላው ጉብ ይላል። ፓራፋንጎው አጥሯል ወይም ጨርሶ ተነሥቷል። ነጂው በሰልባትዮው ላይ ጎንበስ ብሎ ነፋሱን ሰንጥቆ ይሄዳል። እነዚህ ለውጦች ሁሉ ምክንያት አላቸው። ዝቅ ያለው መሪ የነጂውን ደረት ከነፋስ ይሸሽጋል፤ ከፍ ያለው የእግር ማሳረፊያ ሞተሩ በመታጠፊያ ላይ ሲያጋድል ከመሬት እንዳይነካ ይረዳል፤ የተነሣው ዕቃ ሁሉ ክብደት ይቀንሳል። የቅርጹ ውበት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ከፊት መብራቱ እስከ መቀመጫው ጫፍ ድረስ ያለው መሥመር ያለሥራ የተቀመጠ ነገር ስለማይታይበት ዓይን ሳይደናቀፍ ይከተለዋል።

ቅርጹ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደመወዝ ያገኘው ወጣት ሠራተኛ በየጊዜው በሚከፈል ዱቤ ሞተር ብስክሌት መግዛት ቻለ፤ የእሽቅድድም ሞተር ለመግዛት ግን አቅሙ አልፈቀደለትም። ስለዚህ ያለውን ፈታ፤ የማያስፈልገውን ጣለ፤ የጎደለውን በገዛ እጁ ሠራ። መሰብሰቢያው በመንገድ ዳር የሚገኙ ቡና ቤቶች ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በለንደን ሰሜናዊው የቀለበት መንገድ ላይ የሚገኘው ኤስ ካፌ ሲሆን፣ በ1938 ተከፍቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ፈርሶ፣ በ1949 እንደገና ተሠርቶ፣ በ1969 ከተዘጋ በኋላ በ2001 ዳግመኛ ሥራ ጀምሯል። «ካፌ ሬሰር» የሚለው መጠሪያም መጀመሪያ የፌዝ ስም ነበር ይባላል፤ በእውነተኛው የውድድር ሜዳ ሳይሆን ከቡና ቤት እስከ ቡና ቤት ይሽቀዳደማሉ ለማለት።

የዚህ ዘመን ከፍተኛ ሥራ «ትራይተን» በመባል የሚታወቀው ነው። ትራይተን የትራያምፍ ፋብሪካ ሞተር በኖርተን ፋብሪካ ሻሲ ላይ ተገጥሞ የተሠራ ነው። ትራያምፍ በሞተሩ ጥንካሬ፣ ኖርተን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በሠራው «ፌዘርቤድ» በተባለው ሻሲ አያያዝ የተመሰገኑ ነበሩ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በገበያ ተቀናቃኞች ስለነበሩ የሁለቱን መልካም ጎን በአንድ ላይ የሚያገኝ ገዢ አልነበረም። በየጓሮው መፍቻ ይዞ የተቀመጠው ወጣት ግን የገበያውን አጥር አልፎ ሁለቱን አጋባቸው። ይህ የፋብሪካዎቹን ሥራ በተግባር የመዘነ ሂስ ነው።

ይሁንና ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። የዚህ እንቅስቃሴ ግብ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ነበር፤ ይህም በሕዝብ መንገድ ላይ ነው። ብዙ ወጣት ሕይወቱን በአስፋልት ላይ ጥሏል። ጉልበቱን በሥራ ቦታ ሸጦ የሚውል ወጣት ነጻነቱን በፍጥነት ብቻ ሲፈልግ፣ ቅርጹ የጠራ ቢሆንም ይዘቱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ሁለተኛው ጉድለት ከውጭ የመጣ ነው። ሮያል ኤንፊልድ በ1960ዎቹ አጋማሽ «ኮንቲኔንታል ጂቲ» የተባለውን ሞተር ብስክሌት በካፌ ሬሰር መልክ አዘጋጅቶ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች አሮጌ የሚመስል አዲስ ሞተር ብስክሌት ይሸጣሉ። ከእጦት የተወለደው መልክ የትርፍ ሸቀጥ ሆነ፤ ሰው ራሱ ያልፈታውንና ያልገጠመውን ታሪክ በገንዘብ ይገዛ ጀመር።

ስም ብቻውን ዝምድና አይሆንም

ካፋን ከዚህ ነገር ጋር የሚያነሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስሙን ነው። «ካፌ» የሚለው ቃል ከቡና የመጣ ነው፤ ይህን የብዙ አገሮች የቡና መጠሪያ ከካፋ ስም ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚሉም አሉ። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ይሉታል። ክርክሩ ለቋንቋ ሊቃውንት ይተው። የማያከራክረው ነገር የካፋ ደን የዱር ቡና መኖሪያ መሆኑ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ፣ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም መቆሙ ነው።

ነገር ግን ለንደን ላይ ስኒ ይዞ የተቀመጠው ወጣትና ማንኪራ ደን ውስጥ ቡና የሚለቅመው ገበሬ በአንድ ፍሬ ቢገናኙም በኑሮ አልተገናኙም። አንዱ የሌላውን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የቦንጋ ወጣት «ስሙ የእኛ ነውና ቅርጹም የእኛ ነው» ብሎ ዝቅ ያለውን መሪና የአንድ ሰው መቀመጫውን እንዳለ ቢቀዳ፣ የሚያገኘው የራሱን ስም በባዕድ ጽሕፈት ተጽፎ ማየት ብቻ ነው። ቅጂ የሚመዘነው ከዋናው ጋር በመመሳሰሉ ነው፤ ፈጠራ የሚመዘነው ግን የራሱን ጥያቄ በመመለሱ ነው። የካፋ ጥያቄ ምንድን ነው?

ማደስና መለወጥ

ወደ ጥያቄው ከመሄዳችን በፊት ሁለት ተግባራት ሊለዩ ይገባል። ማደስ ማለት መኪናውን ወደ መጀመሪያ ጤናውና መልኩ መመለስ ነው። ሞተሩ ይፈታል፤ ሲሊንደሩ ተለክቶ ተበልቶ ከተገኘ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይቦረቦራል፤ ለስፋቱ የሚሆን ፒስተንና ቀለበት ይገባለታል፤ ቫልቮቹ በመቀመጫቸው ላይ ተፈጭተው ይገጥማሉ፤ ካርቡራተሩ ታጥቦ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ካንዴላው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ካቴናው፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይታያሉ። መለወጥ ግን ሌላ ነው፤ ሻሲው ይቆረጣል፣ ይበየዳል፤ መቀመጫው፣ መሪው፣ ማርሚታው በአዲስ ይተካሉ። የታደሰውን ነገር ወደፊት መለወጥ ይቻላል፤ የተቆረጠውን ሻሲ ግን ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

ይህ ልዩነት በአገራችን ከባድ ትርጉም አለው። ሞቶ ጉዚ የተባለው የኢጣሊያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ «አልቼ» የሚባል 500 ሲሲ የጦር ሞተር ብስክሌት ይሠራ ነበር። በወረራው ዘመን ከገባው የጠላት መሣሪያ አንድ ሞተር ብስክሌት ከነቀለሙና ከነቁጥሩ ቢገኝ የታሪክ ሰነድ ነው። ሰነድ ደግሞ አይቆረጥም፤ ይጠበቃል፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ ያሳይበታል። በሺህ የሚቆጠር አምሳያ ያለው፣ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ተመላልሶበት አርጅቶ በመሥሪያ ቤት ግቢ ዝናብ የሚመታው ያማሃ ግን ሌላ ነው። እሱ በሕግ አግባብ ተሽጦ ለወጣት እጅ ቢደርስ፣ የሚለወጥ እንጂ የሚመለክ ነገር አይደለም። ሳይለዩ መቁረጥ ጥፋት ነው፤ ሳይለዩ ማምለክም ድንቁርና ነው።

የካፋ መንገድ እንደ ሐያሲ

አሁን ወደ ካፋ ጥያቄ እንመለስ። ከጅማ ቦንጋ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት የቀበሌ መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት፣ ጠጠርና ጭቃ ናቸው። ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይለይም። በዚህ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ብቻውን አይሄድም፤ ሕመምተኛ ወይም ተማሪ ይጭናል፤ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ቆጮ ይጭናል። በዚህ ሚዛን ካፌ ሬሰርን እናስቀምጠው። ዝቅ ያለው መሪ በጭቃ ላይ የነጂውን ክንድ ያደክማል፤ የአንድ ሰው መቀመጫው ሁለተኛውን ሰው ይክዳል፤ ፓራፋንጎው ሲነሣ ጭቃው በነጂው ጀርባ ላይ ይሰፍራል። ለለንደን አስፋልት ምክንያት የነበረው ሁሉ ለካፋ ዳገት ምክንያት አልባ ይሆናል። ምክንያቱን ያጣ ቅርጽ ጌጥ ነው።

ታዲያ ከካፌ ሬሰር የሚወሰድ የለም ማለት ነውን? አለ። የሚወሰደው መርሁ ነው፤ ይኸውም «የማያገለግለውን አንሣ፤ የሚያገለግለውን በሚገባ ሠርተህ አሳይ» የሚለው ነው። በዚህ መርህ የሚሠራ የካፋ ሞተር ብስክሌት ሰፊና ከፍ ያለ መሪ፣ ጥርሱ የጎላ ጎማ፣ ከወንዝ ውኃ የሚሸሽ ወደ ላይ የተሰቀለ ማርሚታ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠፍጣፋ መቀመጫና በሻሲው ላይ በጥሩ ብየዳ የተያያዘ ጠንካራ የጭነት ማስቀመጫ ይኖረዋል። በውጭ አገር «ስክራምብለር» የሚባለው ዓይነት ለዚህ ይቀርባል። ግን አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በካፋ ደን በረዣዥም ዛፎች ላይ የሚሰቀለውን ባህላዊ ቀፎ ተመልከቱ፤ ክብ፣ ረዥም፣ ለመሸከም ቀላል፣ ለንብ ምቹ ነው፤ ትርፍ ነገር የለበትም። ይህን የሠራ እጅ ቅርጽ ከጥቅም ጋር እንዴት እንደሚስማማ ከማንም ሳይማር ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ጌጥ አንድ ነገር መባል አለበት። የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ነጂዎቻችን ተሽከርካሪያቸውን በሥዕል፣ በጥቅስ፣ በዘርፍና በቀለም ማስጌጥ ይወዳሉ። «ንጹሕ መሥመር» የሚያፈቅር የውጭ ዓይን ይህን እንደ ዝርክርክነት ይቆጥረዋል። ጌጡ ግን የነጂው ድምፅ ነው፤ እምነቱን፣ ተስፋውን፣ የሚወደውን የኳስ ቡድን ይናገርበታል። ስሕተት የሚሆነው ጌጡ የተሰነጠቀ ብየዳን ወይም የዛገ ላሜራን ሲሸፍን ነው። ድምፅ ይሰማ፤ ጉድለት ግን አይደበቅ።

የባለ እጁ ክብር

በመጨረሻም ወደ ዋናው ጉዳይ እንደርሳለን። በካፋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ሰዎች ማጭዱን ተቀብለው የሠራውን እጅ ናቁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ችግሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ክብርን ግን የሚተክለው ዕውቀት ነው። የዛሬው የጋራዥ ሠራተኛ የዚያ ቀጥቃጭ ወራሽ ነው። የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ፣ ሞርሳ የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ መጥተው በሠራተኛው አፍ አማርኛ ሆነዋል። ጌታው አልፎ ሄደ፤ ሙያው ግን በሠራተኛው እጅ ቀረ።

ይህ ሙያ አሁን በመሸጋገሪያ ላይ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እየበዛ ነው። ለውጡ የሚጠላ አይደለም። ነገር ግን ካርቡራተርን በጆሮው አዳምጦ የሚያስተካክል ባለሙያ ዕውቀቱን ሳያስተላልፍ ቢያልፍ፣ ማንም መጽሐፍ አይተካውም። አሮጌው ሞተር ብስክሌት ለወጣቱ የመማሪያ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ተፈትቶ የሚነበብ፣ ተገጥሞ የሚፈተን።

ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቃል። የቴክኒክና ሙያ መምህራን ከሥዕል መምህራን ጋር ተገናኝተው ተማሪው አንድን አሮጌ ሞተር ብስክሌት መጀመሪያ በእርሳስ እንዲነድፍ፣ ቀጥሎም በብረት እንዲሠራ ያድርጉ። የባህል ሠራተኞችና ካድሬዎች በዐውደ ርእይ ላይ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሲያቀርቡ የጋራዡንም ሥራ ከጎናቸው ያቁሙ፤ ከሥራውም ሥር እንደ ሠዓሊው ሁሉ የባለ እጁን ስም ይጻፉ። ኪነ ጥበባውያንም ይህን ሥራ ሲያዩ «ያምራል» ብለው አይለፉ፤ ለማን፣ ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው ጭነት ተሠራ ብለው ይጠይቁ። ለንደን ላይ የተወለደው ቅርጽ የለንደንን ጥያቄ መልሶ አልፏል። ቦንጋ የራሷ ዳገት፣ የራሷ ዝናብና የራሷ ጭነት አላት፤ ለእነዚህ የሚሆነው መልስ ከራሷ ጋራዦች መውጣት አለበት።