«የመጀመሪያ» ብቻውን አይበቃም
ስለ እንግሊዝኛ የዝግጅትና የጅማሬ ቃላት አስተማመር

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን የቃላት ዝርዝር ልብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ አንድ ጉድለት ሳያስተውል አይቀርም። «ኢኒሽያል» የመጀመሪያ፤ «ፕሪሊሚነሪ» የመጀመሪያ፤ «ኢንትሮዳክተሪ» የመጀመሪያ ተብሎ ይጻፋል፤ «ፕሪፓራቶሪ» ላይ ሲደረስም «ቅድመ» ተብሎ ይታለፋል። ተማሪውም ሁሉንም ገልብጦ ይሸመድዳል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ ልማድ ነው፤ ነቀፌታውም ከጸሐፊው ይጀምራል።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ሽቅብ ስለተወረወረ ኳስ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ኢኒሽያል ቬሎሲቲ» ማለት ሲገባው «ፕሪሊሚነሪ ቬሎሲቲ» አለ። በቀይ ሰርዤ ነጥብ ቀነስሁበት። ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ሁለቱንም የመጀመሪያ ብለው ያጻፉን እርስዎ ነዎት» አለኝ። ባየው እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእርሱ ሆኖ ነበር። ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ እንዲህ ያለው ስሕተት ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አልፎ ይከተለዋል።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ፕሪሊሚነሪ» የሚለው ቃል ሥሩ የላቲኑ «ሊመን» ሲሆን ትርጉሙ የበር ደፍ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት፣ ከደፉ በመለስ የሚደረገውን ያመለክታል። «ኢኒሽያል» ግን ደፉን አልፎ የገባ ነው፤ የነገሩ የራሱ መነሻ ክፍል ነው። ጊዜ መቁጠር ስንጀምር ኳሱ ያለው ፍጥነት የእንቅስቃሴው አካል ስለሆነ «ኢኒሽያል» ይባላል።

በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። ያልታወቀ ጨው በነበልባል ሲፈተን ሙከራው «ፕሪሊሚነሪ» ይባላል፤ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የሶዲየም ደማቅ ቢጫ የፖታሲየምን ፈዛዛ ሐምራዊ ሊሸፍነው ስለሚችል የማረጋገጫ ሙከራ መከተል አለበት። ቃሉን «የመጀመሪያ ሙከራ» ብሎ ብቻ የያዘ ተማሪ ግን ቀለሙን እንዳየ መልሱን ጽፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ፕሪሪክዊዚት» ካልተሟላ የማያስገባ ቅድመ ሁኔታ ነው። «ቴንታቲቭ» የተባለ የፈተና ፕሮግራም ሊለወጥ የሚችል ነው፤ ቀድሞ በመውጣቱ አይደለም ይህን ስም ያገኘው። «ኢንትሮዳክተሪ» አንባቢውን ወይም ተማሪውን ከጉዳዩ ጋር ያስተዋውቃል። «ፕሪፓራቶሪ» ደግሞ ለሚመጣው ነገር ያሰናዳል፤ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ይባሉ የነበረው በዚሁ ስሜት ነው።

የሚያሳዝነው፣ አማርኛችን ለእነዚህ ልዩነቶች ድኻ አለመሆኑ ነው። ከማዕድ ቤት እንኳ ብንነሣ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ መሰናዶ ነው፤ «ፕሪፓራቶሪ» ነው። ሙቀቱን ለማወቅ በቅድሚያ የሚጋገረው ማሟሻ ሙከራ ነው፤ አዲስ መጽሐፍ ለሁሉም ከመሰራጨቱ በፊት በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሲፈተን «ፓይለት» የምንለው ይህንኑ ነው። የጠላ ጥንስስ ደግሞ ገና ጠላ ባይሆንም ከጠላው አይለይም፤ ስለዚህ «ኢኒሽያል ስቴጅ» ልንለው እንችላለን። እናቱ ስትጋግርና ስትጠምቅ ያየ ተማሪ ልዩነቱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። እኛ ነን «የመጀመሪያ» በሚል አንድ ቃል የምናደበዝዝበት።

አንዳንድ ባልደረቦች «በ40 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ መቼ እናስተምር?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የላቲን ታሪክ መዘርዘር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ይህ ሥራ ከደፉ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?» ከዚያም ከፊዚክስ ወይም ከኬሚስትሪ መጽሐፋቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ማምጣት ነው። መዝገበ ቃላት ፍቺውን ይሰጣል፤ ቃሉ የሚውልበትን ቦታ የሚያሳየው ግን መምህሩ ነው።

ተማሪዎችም ብትሆኑ በደብተራችሁ ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ፊት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተሰልፈው ስታዩ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ። የእኔ ተማሪ በመጠየቁ ነጥቡን አስመልሷል፤ እኔም የቃላት ዝርዝሬን እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ።