ተራ የማይደርሰው እንግዳ፦ የቡና ወግና የጃፓን ሻይ ከአቃቂ ቃሊቲ ሲታዩ

ስለ ኢትዮጵያ ቡና ለውጭ አንባቢ የሚዘጋጁ የጉዞ ጽሑፎችና የቱሪዝም መግለጫዎች የቡና ማፍላቱን ወግ ከጃፓን የሻይ ሥርዓት ጎን ማስቀመጥን ልማድ አድርገውታል። ሁለቱም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ዕቃ፣ የአቀማመጥ ደንብና መዓዛ አላቸው፤ ሁለቱም እንግዳ የሚከበርባቸው ናቸው። ንጽጽሩ ለዓይን ትክክል ነው። ነገር ግን ማን ለማን ምን ዕዳ እንደሚገባ ሲጠየቅ ሁለቱ ሥርዓቶች ተራርቀው ይገኛሉ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ የጃፓኑ ሻይ እንግዳውን አሠልጥኖ የሥርዓቱ ባለድርሻ ሲያደርገው፣ የኢትዮጵያ ቡና በጎረቤቶች መካከል በሚዞር ተራ ላይ የቆመ በመሆኑ መንገደኛውን በክብር ተቀብሎ ከተራው ውጭ ያስቀምጠዋል የሚል ነው። ለማሳያነት የተመረጠው አቃቂ ቃሊቲ ነው፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገኘው ይህ ክፍለ ከተማ ነባር የኦሮሞ ገበሬዎች፣ የቀድሞ የባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አብረው የሚገኙበት እንደመሆኑ ቡናው በብዙ መልኩ ይታይበታል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን «ቻኖዩ» የሚባለው ሥርዓት፣ ማቻ የተሰኘ በደቃቁ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ በሙቅ ውኃ ከቀርከሃ በተሠራ መምቻ እየተመታ ለጥቂት እንግዶች የሚቀርብበት ነው። የዱቄት ሻይ አጠጣጥ ከቻይና ወደ ጃፓን የገባበት ታሪክ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከኖረው ኤይሳይ ከሚባል የዜን መነኩሴ ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ዛሬ የሚታወቅበትን ቅርጽ የያዘው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሳካይ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ በተወለደው በሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) ዘመን ነው። ሪክዩ የጦር ገዥው የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሻይ መምህር ነበር፤ ኋላም በዚያው ጌታው ትእዛዝ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጓል። የእሱ ሥራ እንደሆነ የሚታመነው ታይአን የተባለ የሻይ ክፍል የሁለት ታታሚ ስፋት ብቻ አለው፤ ታታሚ ከሣር የሚሠራ ወፍራም የወለል ምንጣፍ ሲሆን አንዱ አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል ነው። የእንግዶች መግቢያ ደግሞ በጉልበት ተንፏቅቀው ካልሆነ የማይታለፍበት ዝቅተኛ መስኮት መሰል በር ስለሆነ፣ ሰይፍ የታጠቀ መኮንን ሰይፉን በውጭ መደርደሪያ ላይ ትቶ እንደ ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር።

ለዚህ ዳሰሳ ዋናው ነጥብ የእንግዳው ሥራ ነው። ምግቡን፣ የዕረፍቱን ጊዜ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ሻይ ያጠቃለለ ሙሉ ግብዣ አራት ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ እንግዳው በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚስተናገድ አይደለም። «ሾክያኩ» የሚባለው ቀዳሚ እንግዳ ሌሎቹን ወክሎ ለአስተናጋጁ ምስጋናና ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥያቄው ምን እንደሆነና መቼ እንደሚነሣም አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሻዩ ጎድጓዳ ሳህን ሲደርሰው በቀኝ እጁ አንሥቶ በግራ መዳፉ ላይ ያሳርፈዋል፤ ባማረው ፊቱ በኩል ላለመጠጣት ጥቂት ያዞረዋል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ አፉ የነካውን ጠርዝ በጣቱ ጠርጎ ሳህኑን ይመልሰዋል፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሸክላውን እንደ ቅርስ ይመረምራል። ይህን ለመማር ዓመታት የሚፈጁ ሰዎች አሉ። ኡራሴንኬ፣ ኦሞቴሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ የተባሉት የሪክዩ ዘሮች ትምህርት ቤቶች ለደረጃው ሁሉ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የእያንዳንዱ ቤት የበላይ በዘር የሚተካ ነው። በጃፓን ሻይ ያልሠለጠነ እንግዳ የጎደለ እንግዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር አመሳስሎ የማየት ዝንባሌ ቱሪዝም የፈጠረው አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት፣ ከዚሁ ጉዞ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው፣ የኢትዮጵያ ምሁራን በሁለቱ የነገሥታት አገሮች መካከል ተመሳሳይነትን አጥብቀው በሚፈልጉበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን መመሳሰሉ የፖለቲካ ተስፋ ነበር፤ ዛሬ በሆቴል ብሮሹር ላይ ሲታይ ማስታወቂያ ሆኗል። በመካከሉ ግን አንድ ትኩረት የሚገባው ግጥምጥሞሽ አለ፦ ሪታ ፓንክረስት ስለ ቡና ማፍላት ወግና ስለ ቡና አጠጣጥ ታሪክ ያቀረቡት ጥናት፣ የሻይ ትምህርት ቤቶቹ መናገሻ በሆነችው በኪዮቶ በታኅሣሥ 1997 ለተካሄደው 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተዘጋጀ ነበር።

ታሪኩ ራሱ ጥንታዊነትን ለሚሰብኩ መግለጫዎች አይመችም። ቡና በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ቢሆንም፣ የሰሜንና የመሀል አገር የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቡናን የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ አድርጎ ሲሸሸው ኖሯል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሳዩት ይህ ጥላቻ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸውና ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ በማለዘባቸው ነው። እንግዲህ ዛሬ የአገር መለያ ሆኖ የሚቀርበው ወግ በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ከመቶ ዓመት እጅግም የማይርቅ ዕድሜ አለው፤ በአንጻሩ በኦሮሞ ዘንድ ያልተፈለፈለ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ ከምርቃት ጋር የሚቀርብበት «ቡና ቀላ» የተባለው ሥርዓት ከከተማው ወግ የቀደመ ነው። የአቃቂ ምድር የቱለማ ኦሮሞ ምድር በመሆኑ ሁለቱ ታሪኮች እዚህ ይገናኛሉ። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር አቃቂን የዋና ከተማዋ መዳረሻ ጣቢያ አደረጋት፤ ኋላ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሲከተሉ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወዛደር በመስመሩ ዙሪያ ሰፈረ፤ የወሎው፣ የጉራጌው፣ የሸዋውና የሐረሩ ቡና አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኘ።

ይህ መገናኘት የተፈጸመው በተራ ነው። ተራ ማለት አንድ ቤት ቡና አፍልቶ ጎረቤት ሲጠራ፣ የተጠራው ቤት በሌላ ቀን በበኩሉ የሚያፈላበት ያልተጻፈ ውል ነው። በቱሉ ዲምቱና በገላን የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ እንዲሁም ከመሀል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎች በሰፈሩባቸው አዳዲስ መንደሮች፣ ይህ ውል በአንድ ፎቅ ኮሪደር ላይ በሚከፈቱ በሮች መካከል እንደ አዲስ ይዋዋላል። ልጅ ይላክና «እትዬ፣ እማዬ ቡና ደርሷል ብላለች» ይላል፤ የተጠራችው ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ቡናው የታጠበ እንደሆነ ቆይታ መቁላቱንም ታያለች። ፍሬው በብረት ምጣድ ላይ ጠቁሮ ወዝ ሲያወጣ የቤቱ እመቤት ምጣዱን እንደያዘች ጭሱን ለእያንዳንዱ ታዞራለች፤ ተቀማጮቹም በእጃቸው ወደ ራሳቸው እየሳቡ ያሸታሉ። ከዚያ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ከዚያ ጥቁሩ የሸክላ ጀበና። ረከቦቱ፣ ማለትም ሲኒዎቹ የሚደረደሩበት ዝቅ ያለ የእንጨት ገበታ፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ወለል ላይ ይቀመጣል፤ የኮንዶሚኒየሙ ወለል ሴራሚክ በመሆኑ ቄጠማው ብዙ ጊዜ ፌስታል ላይ ይነሰነሳል፤ የከሰሉ ምድጃ ደግሞ በረንዳ ላይ ይውላል።

መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል፣ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላው ቶና፣ ሦስተኛውና ቀጭኑ በረካ ይባላል። ሦስቱ መቀዳታቸው ከጣዕም ይልቅ ለጊዜው ይጠቅማል፤ ወሬው የሚያልቀው፣ የዕድሩ ጉዳይ የሚነሣው፣ የዕቁቡ ዕጣ ለማን እንደወጣ የሚነገረው፣ የተጣሉትም በሽማግሌ ሳይሆን በጎረቤት የሚታረቁት ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ነው። ውሉ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርታ ያልጠራች ጎረቤት ትታያለች፤ ተጠርታ የቀረችም ትታያለች፤ «ቡና አይጣጡም» የተባሉ ሁለት ቤቶች መጣላታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ችግር የገባው ቤት ሲኖር ሌሎቹ ስኳሩንና ቡናውን አዋጥተው ተራውን ያስጠብቁለታል። አንዳንድ የፕሮቴስታንት ቤቶች ዕጣኑንና ምርቃቱን ትተው ቡናውን ሲያስቀጥሉ የሚታየውም፣ መናፍስትን ያስታውሰናል የሚሉትን ነገር ቢያስቀሩ እንኳ ከተራው መውጣት የማይችሉ በመሆናቸው ይመስላል።

በዚህ ውል ውስጥ ሥራው ሁሉ የሴት ነው። ወንድ አጎንብሶ ሲኒ የሚያጥብበት ቤት ጥቂት ነው፤ የአንድ ቡና ሁለት ሰዓት ከልብስ ማጠቡና ከእንጀራ መጋገሩ ላይ የሚጨመር ሥራ እንጂ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ «ሴቶች ቡና ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ» የሚለው የወንዶች ወቀሳ ማን እንደወቀጠና ማን እንደቀዳ አይቆጥርም። የሻዩ ታሪክ በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው፤ መነኮሳት፣ ነጋዴዎችና የጦር ሰዎች የቀረጹት የወንዶች ጥበብ ሆኖ ኖሮ፣ ወደ ሴቶች በስፋት የተሸጋገረው ከሜይጂ ዘመን ጀምሮ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የጨዋነት ትምህርት ሆኖ ሲሰጥ ነው። ቡና ማፍላት መምህር፣ ፈቃድና ማዕረግ የለውም፤ ልጅ ከእናቷ እያየች ትማራለች፤ የምታገኘውም ምስጋና «እጅሽ ይባረክ» ነው።

መንገደኛው የሚገባው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ወደ አንድ የአቃቂ ቤት የተጋበዘ የውጭ ሰው፣ ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ፣ ከሁሉ በፊት ይቀዳለታል፤ መቀመጫው ይመረጥለታል፤ ስኳር ስንት እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ ሲኒውን በየትኛውም እጁ ቢይዝ፣ ጀበናው እስኪሰክን ባይታገሥ፣ ከአቦሉ በኋላ ቢነሣ እንኳ የሚቆጣው የለም፤ ቢበዛ «ኧረ ቶናውን!» ይባላል። ይህ ነፃነት ለጋስነት መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ከእሱ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ የሚያጠፋውም ነገር የለም፤ ለማጥፋት የማይችል ሰው ደግሞ የሥርዓቱ አባል አይደለም። የጃፓኑ እንግዳ ሳህኑን በተሳሳተ አቅጣጫ ሲያዞር የሚያፍረው አባል ስለሆነ ነው። የጉዞ ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያውያን እንደ ቤተሰብ ተቀበሉን» ሲሉ፣ ቤተሰብ ለሚያፈላው ቤት ዕዳ ያለበት ሰው መሆኑን ይዘነጋሉ።

በቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢና በጉምሩኩ መንገድ ዳር የተደረደሩት የጀበና ቡና ሻጮች ለዚህ ችግር ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ሸራ ወይም ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ በቄጠማ ፋንታ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎ፣ ጥቂት በርጩማዎች ተደርድረው ቡናው በሲኒ ይሸጣል። ኮንቴይነር ከጅቡቲ ያመጣ ሾፌር፣ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ተሸካሚና ወደ ደብረ ዘይት የሚሄድ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሀራራው ይበርዳል፣ ሂሳቡ ይከፈላል፣ ማንም ለማንም አያፈላም። ገንዘቡ ዕዳውን ወዲያው ስለሚዘጋው መንገደኛውና ነዋሪው እኩል ናቸው፤ በዚህ ብቻ ሲታይ ሹመኛና ነጋዴ አንድ ዝቅተኛ በር የሚገቡበትን የሪክዩን ክፍል ከጓዳው ቡና ይልቅ የሚጠጋው ይህ የመንገድ ዳር በርጩማ ነው። ወጉን አዋረደው የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ የቡና ማፍላት ሙያ በስሙ ተጠርቶ ለሴቲቱ ገንዘብ የከፈለበት ሰፊው ቦታ ይኸው መሆኑ መታለፍ የለበትም።

ጃፓኖች መንገደኛን በተመለከተ ቀደም ብለው ወስነዋል። በ1872 በኪዮቶ በተከፈተው ኤግዚቢሽን ለመጡ የውጭ አገር ሰዎች ተንበርክኮ መቀመጥ ስለሚከብዳቸው፣ የኡራሴንኬ ቤት አለቃ የነበረው ጌንጌንሳይ ሻዩ በጠረጴዛና በወንበር የሚቀርብበትን «ርዩሬይ» የተባለ አቀራረብ አዘጋጀ፤ አቀራረቡም የራሱ ደንብ ተጽፎለት ከትምህርት ቤቱ ሥርዓቶች አንዱ ሆነ። ዛሬ ቱሪስቱ በኪዮቶ ከአራት ሰዓቱ ፋንታ አንድ ሰዓት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ቀጭኑን ሻይ ብቻ ቀምሶ ሲወጣ፣ ያየው ነገር አጭር ቢሆንም ያጠረው ከውስጥ በመጣ ፈቃድ ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች መግቢያ የሀገር ልብስ ለብሳ የምትቆላው ሴት ግን ቡናውን የምታሳጥረው በእንግዳው የአውቶቡስ ሰዓት ነው። አቦሉ ይቀዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቶናና በረካ በአስጎብኚው ንግግር ውስጥ በስም ብቻ ይጠራሉ።

ከአቃቂ ቃሊቲ ኮሪደር ሲታይ የቡናው መንገደኛ ወደ ተራው የሚጠጋበት በር አለ፤ በአንድ ቀን ጉብኝት ግን አይገኝም። ተመልሶ የመጣ እንግዳ፣ በሁለተኛው ጊዜ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ያልተቆላ ቡና በእጁ ይዞ ከገባ፣ «ምን አስቸገረህ» እየተባለም ቢሆን ዕቃው ይወሰዳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ምጣዱ ሲዞር ከሌሎቹ ቀድሞ አይዞርለትም፤ ሳይመጣ ሲቀርም ለምን እንደቀረ ይጠየቃል።