ያረጀ ዶላር ማሳ ያዳብራል?

አሜሪካ ውስጥ የኒው ኦርሊንስ ፌዴራል ሪዘርቭ ቅርንጫፍ ያረጁ ዶላሮችን ቆራርጦ ለኮምፖስት እንደሚሰጥ ሰምታችሁ ይሆናል። የእንግሊዝ ባንክም የወረቀት ፓውንዶቹን እንደ ምግብ ትራፊ ያበሰብስ ነበር። ዜናው ሲወራ ታዲያ «ገንዘብ ማዳበሪያ ሆነ» ይባላል። እኔን የምትቆረቁረኝ ይህቺ «ማዳበሪያ» የምትል ቃል ናት።

ዶላር ወረቀት ይባል እንጂ ከእንጨት አይሠራም። 75 በመቶው ጥጥ፣ 25 በመቶው ደግሞ ከተልባ ግንድ የሚወጣ ጭረት ነው (አዎ፣ እኛ ለጾም የምንበጠብጣት ተልባ!)። ይበሰብሳል ወይ? ይበሰብሳል፤ አሮጌ ነጠላ አፈር ውስጥ ብትቀብሩ የሚሆነው ይኸው ነው።

ግን አፈሩ ምን ያገኛል? ጥጥ ማለት ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ውስጥ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንጂ ናይትሮጅን የለም፤ ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለም። ኮምፖስት የሚያበስሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው ደህና የሚሠሩት። የዶላር ብጣቂ ብቻውን ከከመራችሁ ሥራው ይንቀራፈፋል። ሳይበስል ማሳ ላይ ብትበትኑት ይባስ ብሎ ተሕዋስያኑ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ ጎመናችሁም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ከፍግ ወይም ከአትክልት ልጣጭ ጋር መቀላቀሉ የግድ ነው። ማሳውን የሚመግበው እንግዲህ ፍጉ ነው፣ ዶላሩ የገለባ ሥራ ነው የሚሠራው። ገለባም ያስፈልጋል፣ አልናቅኩትም። ግን ገለባን ማዳበሪያ ብሎ የሚጠራ ገበሬ አላየሁም።

መጠኑንም አስሉት። አንድ ኖት 1 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1 ቢሊዮን ኖት ማለት 1,000 ቶን ነው። አሜሪካ በየዓመቱ የምትጥለው የምግብ ትራፊ ግን በአስር ሚሊዮኖች ቶን ይቆጠራል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወደ ፕላስቲክ ኖት ዞራለች፤ እሱ ጭራሽ አይበሰብስም፣ ግን ዕድሜው ይረዝማል። አለመቆሸሽና አለመቀደድ ከመበስበስ የተሻለ ቁጠባ ነው ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክሩ ነው። ከ5 ዶላር ጀምሮ ባሉት ኖቶች ውስጥ ወደ ብርሃን ስታነሱት የሚታይ የፕላስቲክ ክር አለ። አዲሱ 100 ዶላር ላይ ሰማያዊ ጥብጣብም ተሸምኗል። ማሽኑ ኖቱን ሲቆራርጥ እነዚህም አብረው ይደቅቃሉ፤ ጥጡ በስብሶ ሲያልቅ እነሱ አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። ከደቀቁ በኋላ በወንፊት መልቀም ደግሞ ዘበት ነው። 1 ዶላር ክር የለውም። እሱን ለብቻው ለይቶ ማበስበስ፣ ሌላውን ምግብ ከሚበቅልበት አፈር ማራቅ ይቻላል። ደስ የሚል ዜና ስታነቡ «ክሩስ የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።