አውጫጭኝና ላሊበላ፤ ስለ ሕዝብ ቁጥጥር የቀረበ ሂስ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የላስታ ሕዝብ ስለ አካባቢው ጸጥታና ስለ ሹማምንቱ ሥራ የመጠየቅ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ነው። ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ብዙዎች ሕዝቡ አልነቃም፤ ስለ ወል ጉዳይ አያስብም ይላሉ። እኛ ግን ጉድለቱ ያለው በሕዝቡ ላይ ሳይሆን በተሠራለት ሥርዓት ላይ ነው እንላለን።

ከአውጫጭኝ እንጀምር። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት የቆየ የምርመራ ሥርዓት ነው። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ የጠቆመው ሰው ስሙ ሳይገለጥ «ወፍ» ተብሎ ይታለፋል። የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም የጠፋውን ንብረት ያገሩ ሰው አዋጥቶ ይከፍላል።

ይህን ሥርዓት የሚያመሰግኑ ሰዎች ከፊል እውነት አላቸው፤ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ለደጋው አገር ጸጥታ ጠቅሟልና። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው አንድ ጉድለት ግልጥ ሆኖ ይታያል። ሕዝቡ ስለ ጸጥታ መጓደል ለመንግሥት ተጠያቂ ሲሆን፣ መንግሥት ለሕዝቡ ተጠያቂ አልነበረም። በሬው የጠፋበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይውጣጣል እንጂ፣ ምስለኔውን «አንተስ ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅበት ሸንጎ አልተቀመጠለትም።

በኋላም ነገሩ እንደዚሁ ቀጠለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ። በ1958 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 43 የታሰበው የአውራጃ ራስ አስተዳደር ግን በፓርላማው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንኛውም ኃላፊም ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። ድንጋጌው መልካም ነው፤ የጐደለው ገበሬው ሄዶ የሚጠይቅበት ቦታና መልስ የሚያገኝበት ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በልዩ ልዩ ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር። ሕዝቡ ለአገልግሎት ነጥብ ይሰጣል፤ አገልግሎት ሰጪውም ራሱን ይመዝናል፤ ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው የጋራ ዕቅድ ያወጣሉ። የምናመሰግነው አሠራር ነው። ሆኖም ያተኮረው በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ላይ ነበር፤ ፖሊስና ጸጥታ ከእነዚህ ውስጥ አልተቈጠሩም። ሕዝቡ መምህሩን እንዲመዝን ሲፈቀድለት፣ ጠመንጃ የያዘውን እንዲመዝን አልታሰበለትም።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በላሊበላ እንመልከት። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ አማኑኤልን ጨምሮ ለአንዳንዶቹ፣ ከዝናብ እንዲከላከል ተብሎ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጊዜያዊ የብረት መጠለያ ተሠራላቸው። ጊዜያዊ የተባለው ዓመታት ቈየ፤ ነፋስ ሲነሣ ብረቱ በቤተ መቅደሱና በምእመኑ ላይ ይወድቃል የሚል ሥጋት በረታ። ይሁንና የቅርሱ ሥልጣን በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እጅ ስለሆነ፣ ለነዋሪው ቅርብ የሆነው የከተማ አስተዳደር ቢጠየቅም በራሱ ሊወስን አይችልም ነበር። በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ላሊበላ ድረስ መጥተው ርዳታ ለመስጠት ቃል ገቡ። የአገሩ ሰው ጥያቄ በአደባባይ ሰልፍና በውጭ አገር መሪ ጉብኝት ካልሆነ የማይሰማ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ራሱ ሂስ ይገባዋል።

አንዳንዶች፣ ከተማዪቱ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ቁጥጥር መናገር ቅንጦት ነው ይሉን ይሆናል። እኛ በተቃራኒው እናስባለን። የታጠቀ ሰው በበዛበት ጊዜ ነው ያልታጠቀው ሰው የመጠየቂያ ሥፍራ ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ከአውጫጭኝ ሁለት ነገር እንዲወሰድ እናሳስባለን፤ ይኸውም የመገኘት ግዴታውና የተናጋሪው ስም መሰወር ነው። በማኅበር መክፈል ግን አይመለስ፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ይቀጣልና። ግዴታውም ከገበሬው ላይ ተነሥቶ በሹሙ ላይ ይዋል። የፖሊስ አዛዡና የከተማው ሹም በተወሰነ ቀን በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይቅረቡ፤ ሕዝቡ በመረጣቸው ሽማግሎች አማካይነት ያለ ስም የመጣውን ጥያቄ ይስሙ። ሥልጣናቸው የማይደርስበት ከሆነ ወደ ማን እንዳስተላለፉትና መልሱ መቼ እንደሚመጣ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቀርቶ የተገኘ ሹምም፣ ቀድሞ ከአውጫጭኝ የቀረ ገበሬ ይቀጣ እንደነበረው ሁሉ፣ ይቀጣ።