ቀለም ዝርያ ነውን? ስለ አገራችን ዶሮዎች አከፋፈል የቀረበ ትችት

ተከተል ፎርሲዶ በ1986 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በጊሰን ዩኒቨርስቲ ባቀረቡት ጥናት የአገራችንን ዶሮዎች ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ ብለው ከፍለው የሥጋ ምርታቸውን መርምረዋል። «የሐበሻ ዶሮ» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠቀለለውን መንጋ ለይቶ መመዘን የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ስሞች የዝርያ ስም ሆነው በየጽሑፉ ሲደጋገሙ ስለሚታዩ አከፋፈሉን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በመጀመሪያ ደረጃ መለኪያው አንድ አይደለም። አራቱ ስሞች የላባን ቀለም ሲነግሩን አምስተኛው የአንገትን መራቆት ይነግረናል። ታዲያ አንገቷ የተራቆተ ቀይ ዶሮ ከየትኛው ክፍል ትግባ?

ሁለተኛም አንድ ዓይነት ቀለም የግድ ከአንድ ዓይነት ውርስ አይመጣም። ዶሮን ነጭ የሚያደርጉ ከአንድ በላይ ጂኖች አሉ። አንደኛው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይገለጣል፤ ሌላው ግን ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ ተሰውሮ ይቀራል። ነጭ ሌግሆርን ከነጭ ዋያንዶት ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ነጭ ይሆናል፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከ16 ጫጩቶች 3 ያህሉ ባለቀለም ሆነው ይወጣሉ። እንግዲህ ነጭነት ብቻውን የዘር ምስክር ሊሆን አይችልም። ሶሳይቲ ፊንች የምትባለውን ትንሽ የእስያ ወፍ በሽቦ ቤት የሚያረቡ ሰዎች ቡናማውን፣ ዝንጉርጉሩንና ነጩን ለይተው ማቆየት የቻሉት የእያንዳንዷን ወላጆች ስለሚያውቁ ነው። በመንደር ተለቅቆ የሚውለውን አውራ ዶሮ ማን ይቆጣጠረዋል?

ታደለ ደሴ በ2003 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት ዶሮዎቹን ቲሊሊ፣ ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ቴፒ እያሉ በቦታ ስም መጥራታቸው የተሻለ መንገድ ነው፤ ቦታ ቢያንስ የአየሩን ጠባይ ያመለክታልና።

የአየር ጠባይ ነገር ከተነሣ ዘንድ የቀለም አከፋፈል ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው እንደ መተማ ባለው ቆላ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት አገር ብዙ ላባ ሸክም ነው። መላጣነት ደግሞ በአንድ ጂን የሚወሰን ባሕርይ ነው። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰች ዶሮ ከአንገቷ በታች በፊት በኩል ጭብጥ ላባ ይቀርላታል፤ የሰውነቷም ላባ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከሁለቱም የወረሰችው አንገቷ ፈጽሞ ሊራቆት ይቃረባል፤ ላባዋም እስከ 40 በመቶ ድረስ ያንሳል። ላባዋ የሳሳ ዶሮ የሰውነቷን ሙቀት በቀላሉ ታስወጣለች።

ስለዚህ መላጣ ማለት የአንድ ዝርያ ስም አይደለም፤ ወደ ማናቸውም መልካም ጣይ ዶሮ በማዳቀል ሊገባ የሚችል ውርስ ነው። ጂኑን ከአንድ ወላጅ የወረሰ አንድ መላጣ አውራ አንገታቸው ላባ ከለበሰ ሴቶች ጋር ቢዳቀል ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ መላጣ ይሆናሉ። ነገር ግን በዓል ሲደርስ ገዢ ቀይ አውራ እየመረጠ፣ አርቢውም ገበያውን አይቶ መላጣውን ቢያስወግድ፣ የሚጠፋው አንድ መልክ ብቻ ሳይሆን ሙቀትን የመቻል ሀብት ነው።

ወደፊት ዶሮ ለመመዝገብ ወደ ቆላ የሚወርድ ተማሪ ቀለሙን በአንድ ረድፍ፣ አንገቱን በሌላ፣ ጉትናውን በሌላ፣ ወላጆቹም የታወቁ እንደሆነ እነርሱን በሌላ ረድፍ ይጻፍ። ሕዝቡ ያወጣቸው ስሞች ለመልክ መግለጫነት ያማሩ ናቸውና ይኑሩ፤ ዝርያን የመወሰኑ ሥራ ግን ለመዝገቡ ይተው።