ኩላሊቱ ዳነ፤ ዕጢውስ?

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የሚያዘጋጅ ፋርማሲስት ሥራው ስሌት ብቻ ይመስላል። የታካሚው ቁመትና ክብደት፣ የደም ምርመራው ውጤት፣ እስከ ዛሬ የወሰደው መድኃኒት ድምር፣ ከዚያ ብልቃጥና ሲሪንጅ። ስሌቱን ማንም ይማረዋል። ለእኔ ከሙያው ሁሉ ከባዱ፣ ታካሚው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚጠጣ ጠይቆ እውነተኛውን መልስ ማግኘት ነው።

«የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ያው ነው፤ «ኧረ ምንም አልወስድም!» እየዋሹ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ በማር ለእነሱ መድኃኒት ሳይሆን የጓዳ ነገር ነው። የሽፈራው ቅጠል ሻይ ነው፤ እርድም ቅመም ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አዙሬ፣ «እማማ፣ ጠዋት በባዶ ሆድዎ የሚቀምሱት ነገር አለ? ልጆችዎ ከውጭ አገር የላኩልዎ እንክብልስ?» እላለሁ። ያኔ አስታማሚዋ ልጅ ቦርሳዋን ትከፍታለች።

ከቦርሳው የሚወጣው ሁሉ ባለቤቱ አንድ ነገር ተስፋ ያደረገበት ነው፤ ኬሞው ሰውነት እንዳይጎዳ። ተስፋው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ የኬሞ መድኃኒት፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ ከብረት ጋር ተጋግዞ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን ያመነጫል። አንድ ታካሚ በሕይወት ዘመኑ የሚወስደው ድምር በሰውነት ገጽ ስፋት ተሰልቶ በአንድ ካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም እንዳያልፍ የምንቆጥረው ልቡ እንዳይደክም ነው። ሌላው የኬሞ መድኃኒት ሲስፕላቲን ደግሞ የኩላሊት ቱቦዎች ሴሎች ውስጥ ተከማችቶ ይጎዳቸዋል። በሌላ በኩል ቅጠላ ቅጠልና ቅመም ፍሪ ራዲካልን የሚያከሽፉ አንቲኦክሲዳንቶች ሞልተውታል። ሁለቱን ማገናኘት ለማንም ቀላል ነው።

ተመራማሪዎችም አገናኝተዋቸዋል፤ ያውም ደጋግመው። አካሄዱ ስለሚመሳሰል አንዱን ጥናት ያነበበ ሌላውን ይገምታል። አይጦች ለተወሰኑ ቀናት የቅጠሉን ጭማቂ ይጋታሉ። ቀጥሎ አንድ ከባድ የሲስፕላቲን መርፌ ይወጋሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የኩላሊትን ጉዳት የሚያሳዩት ክሬያቲኒንና ዩሪያ በደማቸው ይለካሉ፣ ኩላሊታቸውም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጭማቂውን የተጋቱት ኩላሊታቸው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። መደምደሚያው ላይ ተክሉ ለኬሞ ታካሚዎች ተስፋ ሰጪ ነው ይባላል።

ችግሩ አይጦቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ሰው ግን ሲስፕላቲን የሚወስደው ዕጢ ስላለበት ነው፤ አንቲኦክሲዳንቱም በደም ሲዞር ኩላሊቱ ጋ ብቻ ቆሞ አይቀርም፣ ዕጢውም ጋ ይደርሳል። ኩላሊቱን ከመድኃኒቱ ካስጣለ ዕጢውንም የማያስጥልበት ምክንያት መታየት አለበት። ይህን የጠየቁ የሉም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1997 በታይሞኪኖን፣ ማለትም በጥቁር አዝሙድ ዋና ውህድ ላይ የወጣ ጥናት ዕጢ ያለባቸውን አይጦችም አካቶ ነበር፤ የሲስፕላቲኑ ኃይል አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ የአይጥ ውጤት መሆኑ ግን አይረሳ።

ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ብዙ ተስፋ ቀብሯል። ቫይታሚን ኢ የአይጥን ልብ ከዶክሶሩቢሲን ሲጠብቅ ታይቶ፣ በታካሚዎች ሲሞከር ልባቸውን ሳያድን ቀርቷል። ልብን በመጠበቅ በሰው ላይ የተሳካለት ዴክስራዞክሴን የሚባለው መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን ብረትን እየያዘ ነው የሚሠራው ተብሎ ሲታመን ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክሶሩቢሲን ልብን የሚጎዳው በዋናነት በአንድ ኢንዛይም በኩል እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት ወጣ፤ ዴክስራዞክሴንም ያንኑ ኢንዛይም ይነካል። ፍሪ ራዲካል የታሪኩ ግማሽ ነበር ማለት ነው።

ጠባቂ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎች ሳስረዳ የማነሳው ሜስናን ነው። አይፎስፋማይድ የተባለው የኬሞ መድኃኒት ሲሰጥ አክሮሊን የሚባል ቅሪት የሽንት ፊኛን ያቆስላል። ሜስና በደም ውስጥ ሳለ አብዛኛው ሥራ ፈት ሆኖ ይዞራል፤ ኩላሊት ሲደርስ ተመልሶ ይነቃና ሽንት ውስጥ አክሮሊኑን ያስራል። ዕጢው ጋ ሲያልፍ ተኝቷል። ከዚህ የሚያምር አሠራር አላውቅም፤ በሙያዬ ሁሉንም ጠባቂ የምመዝነው በእሱ ነው። የት ይሠራል? መቼ ይሰጣል?

ሰዓቱን በተመለከተ የሶዲየም ታዮሰልፌት ታሪክ አለ። የሕጻናትን ጆሮ ከሲስፕላቲን ለመጠበቅ የሚሰጥ ነው፤ ከተክል የመጣ አይደለም፣ ግን ያው አንቲኦክሲዳንት ነው። የጉበት ካንሰር በነበረባቸው ሕጻናት ላይ ተሞክሮ፣ ሲስፕላቲኑ ካለቀ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ፣ የመስማት ጉዳትን ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አድርጓል። በሌላ ጥናት ግን ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው ሕጻናት ታዮሰልፌቱን ሲወስዱ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታየ። በዚህ የተነሳ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ስትፈቅደው ካንሰራቸው ላልተሰራጨ ሕጻናት ብቻ አደረገችው። በመርፌ፣ በተለካ መጠንና ሰዓት የሚሰጥ ንጹሕ መድኃኒት ይህን ያህል ካስጠነቀቀ፣ በማንኪያ ተዘግኖ የሚዋጥ ዱቄትስ?

ዕጢን ሊያስጥል የሚችል የጓዳ ነገር መኖሩም ግምት ብቻ አይደለም። መልቲፕል ማይሎማ ለተባለው የመቅኔ ካንሰር የሚሰጠውን ቦርቴዞሚብ የአረንጓዴ ሻይ ውህድ ቀጥታ ይዞ እንደሚያከሽፈው በላቦራቶሪና በአይጥ ታይቷል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ሻይና የሻዩን እንክብል ይተው እላለሁ። «ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ለሚለኝ ደግሞ የኬሞ መድኃኒቶቹ ቪንክሪስቲን ከአበባ ተክል፣ ፓክሊታክሰል ከዛፍ ቅርፊት መገኘታቸውን እነግረዋለሁ። ሁለቱም ነርቭ ይጎዳሉ።

ቢሆንም የእማማን ማሰሮ አልወረውርም። የተቆጣ ባለሙያ የሚያተርፈው ቢኖር መደበቅን ነው። ወጥ ውስጥ የገባ እርድና በእንክብል የታጨቀ እርድ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን እተወዋለሁ፣ ሁለተኛውን ኬሞው እስኪያልቅ አስቆማለሁ። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ በመቶዎች በሚቆጠሩ ታካሚዎች ተፈትኖ ረድቷል፤ በምግብ መጠን ከሆነ አልከለክልም። ያገኘሁትን ሁሉ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው ዙር ክሬያቲኒኑ ከፍ ሲል ጥፋቱ የሲስፕላቲኑ ይሁን የማይታወቀው ጭማቂ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ የሚቀንሰው ደግሞ ሲስፕላቲኑን ነው።

በአይጥ የታየው በሰው እስኪረጋገጥ ድረስ ኩላሊትን ከሲስፕላቲን የምንጠብቀው ከመርፌው በፊትና በኋላ በሚሰጥ ኖርማል ሳላይንና ማግኒዚየም ነው። በሰው ላይ ይህን ያህል የታመነ ቅጠል አላየሁም።

ለመመረቂያ ጥናት አይጥ የምታዘጋጁ ወጣቶች፣ ዕጢ ያለባቸውን አይጦች ጨምሩ፤ ወጪው ቢከብድም ከዚያ ያነሰው ለታካሚ አይረባም። ኬሞ የሚወስድ ሰው የምታስታምሙ ደግሞ፣ የሚጠጣውንና የሚዋጠውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። ፋርማሲስቱ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት።