አራት ነጥቦች፣ ብዙ ተጠርጣሪዎች፦ የ«ላይን ኦፍ ዱቲ» ተመልካቾች ለምን ተሸወዱ?

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ የድራማውን መጨረሻ ሳይደብቅ ይናገራል። ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ጨርሱትና ተመለሱ።

እሑድ ሜይ 2 ቀን 2021፣ እኛ ፋሲካን በምናከብርበት ዕለት፣ ብሪታንያ ውስጥ በአማካይ 12.8 ሚሊዮን ሰው ቢቢሲ ዋንን ከፍቶ የአንድ ጥያቄ መልስ ይጠብቅ ነበር። አራተኛው ሰው ማን ነው? መልሱ ሲመጣ ግን ብዙው ተመልካች ተናደደ። ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ለዚህ ነው እንዴ የሚል ቅሬታ በየቦታው ተሰማ።

እኔ በዚህ ቅሬታ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ተመልካቹ የተሸወደው ፍንጭ አንሶት ሳይሆን በዝቶበት ነው። የድራማው መጨረሻ ደግሞ ትክክለኛ መልስ ነው፤ የቆመው ግን ደካማ ማስረጃ ላይ ነው። ሁለቱንም በተራ እንያቸው።

ነገሩ ከየት ጀመረ?

«ላይን ኦፍ ዱቲ» ጄድ መርኩሪዮ የጻፈውና በ2012 የጀመረ የወንጀል ድራማ ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ኤሲ-12 በሚባል ክፍል ላይ ነው። የክፍሉ ሥራ ሌባ ማሳደድ አይደለም፤ ራሱ ፖሊስ ውስጥ ያሉ ሙሰኞችን ማደን ነው። አለቃው ቴድ ሃስቲንግስ፣ መርማሪዎቹ ደግሞ ስቲቭ አርኖት እና ኬት ፍሌሚንግ ናቸው።

በ2016 በታየው ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ፣ ማቲው ኮታን የተባለ ሙሰኛ መርማሪ በጥይት ተመትቶ ይሞታል። የመጨረሻ ቃሉ በቪዲዮ ተቀርጿል። ከዚያ ቪዲዮ ወጣ የተባለው አንድ ፊደል ነው፦ «ኤች»። ተመልካቹም የስም ዝርዝር ይዞ ተቀመጠ። ሃስቲንግስ በ«ኤች» ይጀምራል። ሂልተንም፣ ሃንትሊም፣ ሃርግሪቭስም እንደዚያው። በእንግሊዝ አገር በ«ኤች» የሚጀምር ስም መፈለግ እኛ ጋ በ«አ» የሚጀምር ስም እንደመፈለግ ነው። ሞልቷል።

በ2019፣ በምዕራፍ 5 መጨረሻ፣ ቪዲዮው እንደገና ሲመረመር ሟቹ በእጁ ምልክት ሲሰጥ እንደነበር ታወቀ። ምልክቱ በሞርስ ኮድ አራት ነጥብ ነው። አራት ነጥብ «ኤች» ነው፤ ግን ሰውየው ማለት የፈለገው ፊደሉን ሳይሆን ብዛቱን ነበር ተባለ። የኮታን ቅጽል ስም ራሱ «ዶት» ነው፤ ነጥብ ማለት። ስለዚህ ሙሰኞቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ታውቀዋል፣ አንድ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የቴሌኮም ተማሪ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በሞርስ ኮድ ቁጥር 4 የሚጻፈው በአራት ነጥብና በአንድ ሰረዝ ነው። በ«ኤች» እና በ«4» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። ያው አንድ ሲግናል እንደ ፊደል ሊነበብ ይችላል፣ እንደ ቆጠራም ሊነበብ ይችላል። ላኪና ተቀባይ በአንድ የኮድ ሰንጠረዥ ካልተስማሙ ሲግናሉ የቱንም ያህል ጥርት ቢል መልእክቱ አይደርስም። ተመልካቹ ለዓመታት የተሳሳተ ሰንጠረዥ ይዞ ሲያነብ ነበር።

ፍንጭ ሲበዛ

አሁን ወደ ምዕራፍ 6 እንምጣ። ተጠርጣሪው ብዙ ነው፤ ሃስቲንግስ ራሱ፣ የፖሊስ አዛዡ ኦዝቦርን፣ መርማሪዎቹን የምታስጨንቀው ካርማይክል፣ ሌሎችም። የሚገርመው፣ ለሁሉም በቂ የሚመስል «ማስረጃ» ነበር። ያቺ እይታ፣ ያቺ እስክሪብቶ፣ ያቺ አረፍተ ነገር።

እስቲ በቁጥር እንሞክረው። በድራማው ውስጥ ልብ ልንላቸው የምንችላቸው 100 ጥቃቅን ዝርዝሮች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ዝርዝር አንድን ንጹሕ ሰው በአጋጣሚ ጥፋተኛ የማስመሰል ዕድሉ 5 በመቶ ብቻ ይሁን። 100 በ0.05 ሲባዛ 5 ነው። ምንም ያላጠፋ ሰው በአማካይ 5 «ማስረጃ» ይገኝበታል ማለት ነው! ዝርዝሮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ አንድም ነገር የማይገኝበት የመሆን ዕድሉ 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ፍንጭ አገኘሁበት ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ሌላው ሰው ላይ ስንት ተገኘ የሚለው ነው።

ይህ በኢንጂነሪንግ ኦቨርፊቲንግ የምንለው በሽታ ነው። 10 የመለኪያ ነጥቦች ስጡኝና በሁሉም ውስጥ የሚያልፍ ዘጠነኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል እስልላችኋለሁ፤ ስህተቱ ዜሮ ነው። አስራ አንደኛው ነጥብ ሲመጣ ግን መስመሩ ጣሪያውን ጥሶ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ያለፈውን ሁሉ የሚያብራራ ግምት የሚመጣውን በትክክል ይገምታል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የተመልካቹ መሣሪያ የተዋናዩ ዝና ነበር። በምዕራፍ 6 ማርከስ ተርዌል የተባለ የቀድሞ መርማሪ ስሙ ይነሳል፤ ፎቶው ሲመጣ ታዋቂው ተዋናይ ጄምስ ነስቢት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ፎቶ ብቻ አይቀጠርም፣ እሱ ነው ጥፋተኛው ተባለ። አያያዙ መጥፎ አይደለም፤ ከታሪኩ ውጭ ያለ መረጃን እንደ መነሻ ዕድል መጠቀም ነው። ችግሩ ጸሐፊውም ይህን ያውቃል። ተርዌል ስፔን ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ነስቢትም ፎቶ ብቻ ሆኖ ቀረ። ተፈጥሮን ስንለካ ተፈጥሮ እያየችን መልሷን አትቀይርም። ጸሐፊ ግን ይቀይራል።

መልሱና ማስረጃው

አራተኛው ሰው ኢያን በክልስ ሆኖ ተገኘ። ከ2012 ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያለ፣ ሥራ የማይሆንለት፣ ሁሉም የሚስቅበት መኮንን። ወደ እሱ የመራው ዋናው ፍንጭ ደግሞ የፊደል ግድፈት ነው። ወንጀለኞቹ በሚላላኩበት መልእክት ውስጥ «ዴፊኒትሊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «አይ» በሚገባበት ቦታ «ኤ» ገብቶ ተጽፏል። በበክልስ ሰነዶች ላይም ያው ግድፈት ተገኘ።

ድራማውን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግድፈት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። እኛ ጋ «ሠ» እና «ሰ»ን አቀያይሮ የጻፈን ሰው ጠርጥሮ እንደመያዝ ነው። ከ5 ሰው 1ዱ እንዲህ ይሳሳታል ብንል፣ ከ20 ተጠርጣሪ 4ቱ በወንፊቱ ላይ ይቀራሉ። ድራማው ራሱ በምዕራፍ 5 ሃስቲንግስም እንደዚያው እንደሚሳሳት አሳይቶናል። ለሃስቲንግስ ያልሠራ ማስረጃ ለበክልስ እንዴት ሠራ? ተመልካቹ በዚህ መናደዱ ትክክል ነው።

መልሱ ራሱ ግን ጥሩ ነው። የበክልስን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ ምርመራ ያበላሻል፣ ማዕረጉ ግን ከምዕራፍ ምዕራፍ ያድጋል። ይህን ስናይ ኖረን እንደ ኖይዝ ቆጠርነው። ደደብ ስለሆነ ነው ብለን አጣርተን ጣልነው። ጥሩ የታሪክ መታጠፊያ የሚለየው በዚህ ነው፤ መልሱን ካወቅን በኋላ የድሮው ዳታ ከበፊቱ በተሻለ ይገጥማል። በበክልስ ላይ ይገጥማል።

ደግሞም በክልስ አለቃ አልነበረም። የወንጀል ቡድኖቹ ተበታትነዋል፤ እሱ ትእዛዝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ሪፒተር ነው። የራሱ ሐሳብ የለውም፤ የመጣለትን ያሳልፋል። ሁላችንም የሲግናሉን ምንጭ ስንፈልግ የቆየንበት ቦታ ላይ የተገኘው ማስተላለፊያ ነው። ይህ ያናድዳል፤ ምክንያቱም አምስት ምዕራፍ ሙሉ ድራማው ራሱ «ከላይ አንድ ትልቅ ሰው አለ» ብሎ አሠልጥኖናል።

ጉዳዩ ከድራማ ያልፋል

ዳንኤል ሞርጋን የተባለ የግል መርማሪ ማርች 10 ቀን 1987 ደቡብ ለንደን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት መኪና ማቆሚያ በመጥረቢያ ተገደለ። ፖሊስ ደጋግሞ መረመረ፤ በግድያው አንድም ሰው ጥፋተኛ ተብሎ አልተፈረደበትም። በ2013 የተቋቋመው ገለልተኛ ፓነል ሪፖርቱን ያወጣው ጁን 15 ቀን 2021 ነው፤ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ከታየ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ። ሪፖርቱ ግለሰቦች አላጠፉም አላለም። ነገር ግን ተቋሙ ስሙን ለመጠበቅ ሲል ድክመቱን መሸፈኑ ራሱ የተቋማዊ ሙስና ዓይነት ነው አለ። የለንደን ፖሊስ ይህን ስያሜ አልተቀበለም።

በድራማውም የሆነው ይኸው ነው። በክልስ ሲያበላሽ አለቆቹ ሰነፍ ነው ብለው አለፉት፤ ምክንያቱም ስንፍና ተቋሙን አያሳፍርም፣ ሙስና ግን ያሳፍራል። «ከጀርባ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንድ ሰው ታስሮ ነገሩ ያበቃል ብሎ ካሳመነን ግን ያዘናጋናል። በክልስ ታሰረ፤ ኤሲ-12 ግን ከበፊቱ ይበልጥ ተዳክሞ ነው ድራማው የሚያልቀው።

ግምት መገመቱን ግን አትተዉ፤ ደስ ይላል፣ ያስተምራልም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት። የሚቀጥለው ክፍል ከመታየቱ በፊት ግምታችሁን በቀን ጻፉት፤ አጠገቡም «ይህ ከታየ ተሳስቻለሁ» የምትሉትን አንድ ነገር አስቀምጡ። ያንን አንድ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ፣ ግምታችሁ ለማንም ሰው የሚስማማ ነው ማለት ነው።